ቆላ የወረደው እንሰት

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንዲት ጎረቤቴ ሶዶ ያለውን ጓሮዬን አየችና «ወላይታ ሆነሽ ጓሮሽ እንሰት የለውም? ጉድ ነው!» አለችኝ። ክፋት የላትም፣ ምላሷ ነው። ቦታው ጠባብ ነው ብዬ አለፍኳት። ውሸቴን ነው። እንሰት ሳይ እናቴ ትመጣብኛለች።

ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ ከአረካ አጠገብ ካለው ሰፈራችን ተነቅለን ከበዴሳ በታች ወደ ብላቴ ወንዝ ወረድን። አባቴ ከወንድሞቹ ጋር የተካፈለው መሬት ለበሬ መዞሪያ እንኳ አይበቃም ነበር። ቆላው ሰፊ ነው፣ ከተማም እየተቆረቆረ ነው ተባልን። ከተማ ያሉን፣ ደርሰን ስናየው፣ በግራር መሃል የቆሙ ጥቂት ጎጆዎችና ጨውና ጋዝ የሚሸጥባት አንዲት ሱቅ ነች። ሙቀቱስ ቢሆን!

እናቴ በአህያ ጭና የወረደችው እህል አይደለም፤ የእንሰት ችግኝ ነው። በእኛ ዘንድ የቤት ጓሮ የእንሰት ነው። ጓሮዋ ባዶ የሆነ ሴት ሰነፍ ትባላለች፣ ከዚያም የባሰ ትባላለች። ስለዚህ ገና ጣሪያው ሳይከደን በቤቱ ዙሪያ ያለውን ጥሩ መሬት በሙሉ እንሰት ተከለችበት፤ በቆሎው ራቅ ብሎ ድንጋያማው ላይ ተዘራ። ከእኛ ቀድመው የሰፈሩ አንዲት አሮጊት መጥተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንሰት የደጋ ነው፣ ቦታውን ለበቆሎ ስጪው ብለው መከሯት።

«ውሃ አጠጣዋለሁ» አለች እናቴ።

አጠጣችውም። ዝናቡ ሲቀር በየቀኑ ብላቴ እየወረደች በጀሪካን ታመጣለች። እኛ ልጆቿ የምናመጣው ለመጠጥ፣ የእሷ ለእንሰቱ። ከዚያ ወባ ያዛት። ወባ አንድ ቀን ይጥላል፣ አንድ ቀን ይለቃል፤ በለቀቃት ቀን ተነሥታ ጀሪካኗን ታዝላለች። አንድ ጠዋት የጀሪካኑን ገመድ ያዝኩባት።

«እማዬ ተይው፣ ይድረቅ።»

«ዘመዶቼ ሲመጡ ምን ይላሉ?» አለችና ገመዱን ከእጄ ወሰደች።

የዚያን ዕለት መንገድ ላይ ወደቀች። ወንዶቹ በቃሬዛ ወደ በዴሳ ይዘዋት ሲወጡ፣ ዳገቱ ላይ ሕይወቷ አለፈ። ዘመዶቿም መጡ፤ ለለቅሶ። ጓሮውን ቀና ብሎ ያየው አልነበረም። ያንን እንሰት እንዴት እንደጠላሁት!

ወደ ደጋ የምንመለስበት መሬት የለንም። አባቴ የደረቀውን ሁሉ ነቅሎ በቆሎ ዘራበት። በቀጣዩ ክረምት በቆሎው ከሰው ቁመት በለጠ። ጠገብን። ትንሹ ወንድሜ እሸቱን እየጋጠ፣ እማዬ ይሄን ብታይ ደስ ይላት ነበር አለ። አባቴ ተነሥቶ ወጣ።

ያቺ ከተማ ዛሬ መብራትም ባጃጅም አላት። አባቴን ልጠይቅ ስወርድ የማየው በየጓሮው ማንጎና ፓፓያ ነው። በቀደም አንዲት ወጣት ሙሽራ እንሰት ለምን እንዳልተከለች ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ።

«እትዬ ደግሞ! እዚህ እንደማይበቅል ማን የማያውቅ አለ? ባልተክልስ ማን ይታዘበኛል?»

እናቴም እንደማይበቅል ታውቅ ነበር። «ማን ይታዘበኛል» ማለት ነው ያቃታት።