በጎተራው ቀዳዳ ዙሪያ

ጎተራው ሲንጣጣ የሰማሁ ጠዋት ትንሿ ልጄ ከሥሩ፣ ከእግሮቹ መካከል ጥላ አግኝታ ተኝታ ነበር። በእህል ማውጫው ቀዳዳ በኩል ግድግዳው ተነፍቶ፣ ጭቃው ተሰንጥቆ ገብሱ ይንጠባጠብባታል። ጎትቼ አወጣኋት።

የሠራሁት እኔው ነኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፣ ከገበሬ ማኅበር ስብሰባ የቀረ ስለሚቀጣ ተቻኩዬ ነበር። ሁልጊዜ የሚሠሩልን አጎቴ በዚያው ክረምት ዐርፈዋል።

እሳቸው ልምጩን ሲጠልፉ ዙሪያውን እየዞሩ በየዓይኑ፣ በልምጮቹ መካከል በሚቀረው ክፍተት ሁሉ፣ አውራ ጣታቸውን ይከቱ ነበር። ረጅምና ጠባብ ዓይን ካገኙ ይፈቱታል። ቀዳዳው አጠገብ ሲደርሱ ደግሞ ዓይኑን እያሳነሱ ያጠጋጉታል።

«አያ፣ ምን ያደክምዎታል? ጭቃ ይሸፍነው የለም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ካንቺ ይሸፍነዋል ልጄ፣ ገብሱ ግን ያገኘዋል። ክብ ነገር ሸክሙን ዙሪያውን ይካፈላል፤ የተበሳ እንደሆን ጭንቁ እዚያው ነው» አሉኝ።

እኔ ግን ቀዳዳው አጠገብ ስደርስ ዓይኑን ሳላሳንስ በሰፊው ጠልፌ አልፌዋለሁ።

ገብሱን በላይ በኩል ቀድቼ ጨረስኩና የቀዳዳውን ዙሪያ ፈታሁት። በአውራ ጣቴ እየለካሁ እንደገና ጠለፍኩት፣ በጭቃ መረግኩት። ሲደርቅ ዞሮ የሚፈትሽልኝ ሰው ፈለግኩ። አጎቴ ይቀመጡባት የነበረችው ድንጋይ ባዶዋን ናት።

መልሼ ሞላሁት። ሦስት ቀን ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፤ አልተንጣጣም። ልጄም እኔም ደኅና ነን።