የተቻኮለ ምስክርነት

ዘመነች ያን እሑድ መድረክ ላይ ወጥታ «ጌታ ፈውሶኛል» ያለችው ከልቧ አምና ነበር ወይስ እልልታው አጓጉቷት? ይህን እሷ ራሷም ለይታ አታውቀውም።

ኮልፌ ገበያ ሳፋና ጆግ ትሸጣለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። በጾም ጸሎቱ ሳምንት ከተጸለየላት በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ሳይጥላት ቆየ። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከጌታ ፈውስ የተቀበለ ሰው ይመሰክራል። መሰከረች። የዚያኑ ዕለት ኪኒኗን ሽንት ቤት ጨመረችው፤ ተፈወስኩ ብላ ስትውጥ ብትታይስ?

ኪኒኑን በተወች በስድስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ሱቋ ውስጥ ጣላት። ስትነቃ ምላሷ ተነክሷል፣ ቀሚሷ ርሷል፣ ሳፋው ሁሉ ላይዋ ላይ ተንዷል። ማንም አላየም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ፈራች፤ ተኝታ ሳለች ቢመጣባትስ? ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነበር። በእግዚአብሔር ስም ዋሽቻለሁ፣ ፊቱን አዙሮብኛል አለች። ሦስት ሌሊት ግድግዳ ተደግፋ አነጋች።

ቅዳሜ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ወልደሰንበት ደወሉላት።

«ዘሙዬ፣ ቤቴል ሰፈር እንዳንቺ የሚጥላት ልጅ ያለቻት እናት አለች። መጥተሽ መስክሪላት።»

«እሺ» አለች። ከሽማግሌው ጋር ታክሲ ተሳፈረች።

እናትየዋ ፀጋ በር ላይ አቅፋ ተቀበለቻቸው። የስድስት ዓመቷ ሄቨን ሶፋው ላይ ተጋድማለች። ጠረጴዛው ላይ የኪኒን ብልቃጥ አለ።

«እህት ዘመነች፣ ምስክርነትሽን በስልክ ልከውልኝ ሃያ ጊዜ ሰማሁት» አለች ፀጋ። «ዛሬ ጸልየን ኪኒኑን ልጥለው ነው።»

ዘመነች ብልቃጡን አየች፤ ልጅቷን አየች። ብትናገር ያጨበጨበላት ሁሉ ውሸታም ይላታል። ዝም ብትል ይህች ሕፃን ትወድቃለች።

«እንዳትጥዪው!» የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት። «ረቡዕ ጥሎኛል። ጋሼ፣ ጥሎኛል! ኪኒኑን ትቼው ነበር።»

ፀጋ ብልቃጡን አፈፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «እና ልጄን ልገድላት ነበር?»

ዘመነች አንገቷን ደፍታ የሽማግሌውን ቁጣ ጠበቀች። ጋሽ ወልደሰንበት ግን የመጽሐፍ ቅዱሳቸውን ቦርሳ ከፍተው የተጠቀለለ ፌስታል አወጡ።

«የስኳር ኪኒኔ ነው። አሥር ዓመት እዚህ ደብቄዋለሁ፣ እምነት የለውም እንዳልባል። መደበቁን ያስተማርንሽ እኛው ነን፣ ልጄ።»

«እግዚአብሔርስ?» አለች ዘመነች።

«ወደቅሽ ብሎ የሚቀየም አባት ነው እንዴ ያለሽ? ከነኪኒንሽ ይወድሻል።»

ተንበርክከው ጸለዩላት። «ማራት፣ አትራቅባት» አሉ ብቻ። ፀጋም ዕንባዋን ጠርጋ እጇን ዘመነች ትከሻ ላይ ጫነች። ከዚያ አቅራቢያው ካለ ክሊኒክ ወሰዷት፤ ሐኪሙ ተቆጥቶ እንደገና አዘዘላት።

ኪኒኑን ብትውጥም ፍርሃቱ አልለቀቃትም። «ብቻዬን ቤት አልገባም» አለች።

«ማን ሂጂ አለሽ?» አለች ፀጋ። «ለሄቨን አራት ዓመት ነቅቻለሁ፤ ላንቺ አንድ ቀን ምን ይለኛል? ተኚ፣ አይሻለሁ።»

ሶፋው ላይ ከሄቨን እግር ሥር ጋደም አለች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ደንግጣ ገለጠች። ፀጋ አሁንም አጠገቧ ነበረች። አንዴ ደግማ ገልጣ አየቻት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።