«ያ ሳትር» ለእኛም

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የተደራረቡ ያረጁ ጎማዎችን ነው። ክፍሉ የፖሊስ ጣቢያው ዕቃ ቤት ነበር። ጥግ ላይ አንድ ምንጣፍና አንድ ጀሪካን ውኃ አለ፤ ምንጣፉ ላይ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠዋል። ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ ሰልፍ ላይ ስያዝ የለበስኩት ልብስ ገና አስለቃሽ ጭስ ይሸት ነበር። ሴትዮዋ ዓይናቸውን እያሹ፣ «ሐበሻ ነሽ? ነይ እዚህ። ጎማው ላይ አትደገፊ፣ ያጠቁርሻል» አሉኝ።

ሱዳናውያቱ እስረኞች ከእኛ ማዶ በትልቁ ክፍል ነበሩ። ቀትር ላይ ቤተሰቦቻቸው ምግብ ይዘው ሲመጡ ይሰማናል፤ እናት ልጇን ስትጠራ፣ ሰሃን ሲንኳኳ። እኛን የሚጠራ አልነበረም። የእናቴ የመኖሪያ ወረቀት አልታደሰም፤ ወደ ጣቢያው ብትመጣ እዚያው ትቀራለች። እንዳትመጣ እየጸለይኩ፣ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ግን እሷን እጠብቅ ነበር።

ሴትዮዋን እትዬ አልኳቸው። ወሎዬ ናቸው፤ ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በአንድ ቪላ ብዙ ዓመት በቤት ሠራተኝነት ኖረዋል። እሳቸውን ከሰልፍ አልያዟቸውም። ወረቀት የሌለውን የውጭ ሰው የሚለቅመው አፈሳ፣ ከሻ የሚባለው፣ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ደረሰባቸው።

ጠባቂያችን ወጣት ወታደር ነበር። ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ እንደምማር ሲሰማ «ቲቸር» ይለኝ ጀመር። የብረት በሩን ድንገት ወለል ያደርግና፣ «ጉድ ሞርኒንግ፣ ቲቸር» ይላል። ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ግን እንዲሁ ሲከፍት፣ እትዬ ለሶላት ሊታጠቡ ፀጉራቸውን ገልጠው እግራቸውን እያራሱ ነበር። ዞረው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። እሱ ዳቦውን አስቀምጦ ሄደ። ከዚያ ወዲያ እትዬ ውኃ ለመንካት ፈሩ፤ በዚያ ሙቀት ልብስ በልብስ ደርበው ይቀመጣሉ።

ካርቱም ውስጥ ወንድ ሴቶች ወዳሉበት ሲገባ «ያ ሳትር»፣ ሸፋኙ ጌታ ሆይ፣ ብሎ ድምፁን ያሰማል፤ እስኪሸፋፈኑም ደጅ ይቆማል። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ያው ወታደር ማዶ ላሉት ሴቶች ሲል እንሰማው ነበር።

«ለበረት ያ ሳትር አይባልማ» አሉ እትዬ።

«በአረብኛ እኔ ልንገረው?»

«ወላሂ አይሆንም፤ ራሴ ነኝ የምለው። እኔ በአረብኛ ከተናገርሁ የገረድ አረብኛ ነው፣ ይስቃል። እንግሊዝኛውን አስተምሪኝ። እሱን ቆሞ ይሰማል።»

እኔም እንደ መምህራኖቼ የግዴታና የምክር ቃላቱን በቅደም ተከተል ጀመርኩ። ማስት ተናጋሪው ራሱ ትእዛዝ ሲሰጥ ነው፤ ሃቭ ቱ ሁኔታው ሲያስገድድ፤ ሹድ ደግሞ ለምክር። ከዕለት ኑሮ ምሳሌ ጨመርኩላቸው። አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ በጠዋት መነሳት አለብኝ፣ ሃቭ ቱ። ጥርስሽን ካመመሽ ሐኪም ብታዪ ይሻልሻል፣ ሹድ።

«ማስትን ተዪልኝ፣ እሷን አውቃታለሁ» አሉ። «እመቤቲቱ ውጭ አገር የኖረች ናት። ዩ ማስት ክሊን፣ ዩ ማስት አይረን። መጀመሪያ ሰሞንማ ስም ያወጣችልኝ መስሎኝ አቤት እል ነበር።»

ከታሰርኩ ወዲህ ያን ጊዜ ነው የሳቅሁት።

«ለወታደሩ ሹድ ይበሉት» አልኳቸው። «ለስለስ ይላል፣ አያስቆጣውም።»

«ለስላሳው ይሻላል?»

«ለእኛ ይሻላል።»

እስኪመሽ ድረስ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደጋገሙት።

በማግስቱ በሩ እንደ ልማዱ ወለል አለ። እትዬ ተነሥተው ቆሙ።

«ዩ ማስት ሰይ ያ ሳትር» አሉት።

ወታደሩ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። «ቲቸር፣ ይህን ያስተማርሻት አንቺ ነሽ?» ሲል በአረብኛ ጠየቀኝ።

«አዎ።»

ዳቦውን እንደያዘ በሩን ዘጋው። የዚያን ቀን ምግብ አላየንም። እትዬ ከጀሪካኑ ውኃ ቀድተው ሰጡኝ።

«ሹድ አፌ ላይ ነበረች፣ ልጄ። ስንት ዓመት የሰማኋት ቀደመቻት።»

አመሻሽ ላይ ሌሎች ሰዎች መጥተው እትዬን ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ በሚሄድ መኪና ወሰዷቸው። ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ነው የወጡት።

ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ኮቴ መጣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ያ ሳትር» አለ ወታደሩ ከውጭ።

ተሸፋፍኜ ነበር፤ የሚስተካከል ነገር አልነበረኝም። ቢሆንም የእትዬን ምንጣፍ አጠፍኩ። ሻርፔን ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። እሱ ደጅ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ፣ «ግባ» አልኩት።

ዩኒቨርሲቲው ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ስለነበር፣ እኔ ተፈትቼ፣ መንግሥት ተለውጦም አሁንም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሳጃና ውስጥ የወሎ ሴቶች ሳገኝ ስለ እሳቸው እጠይቃለሁ። «ስማቸው ማን ነው?» ይሉኛል። እትዬ ከማለት በቀር አላውቅም። የምነግራቸው ብዙ አይደለም። እሳቸው በተወሰዱ ማግስት ወታደሩ «ያ ሳትር» እንዳለ፣ ደጅም ቆሞ እንደጠበቀ፣ ይህችን ብቻ ነው።