ፊቱን ሳላየው የሸኘሁት ልጅ

ነገሩ የሆነው በ2006 ዓ.ም. ነው። እስካሁን ለሰው የማወራው ግማሹን ነው። ዛሬ ሙሉውን ልጻፈው።

ጎንደር ከተማ ውስጥ ከአባቴ የወረስኩት የጨርቅ ሱቅ አለኝ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ በጣት የሚነካ ተች ስክሪን ስልክ ገዛሁ። አጠገቤ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ ልጅ የፑል ጨዋታ ጫነችልኝ። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ቁጭ ብዬ በኢንተርኔት ከማላውቀው ሰው ጋር እጫወታለሁ፤ አንዱ ከህንድ፣ አንዱ ከብራዚል። የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ፤ ሚስቴ ትስቅብኝ ነበር።

አንድ ቀን ስሙ "አዲሱ ማክሰኝት" የሚል ተጫዋች ደረሰኝ። ማክሰኝት ከእኛ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል "የየት አገሩ ማክሰኝት?" ብዬ ጻፍኩለት።

"ስንት ማክሰኝት አለ፣ አያ?" ብሎ መለሰልኝ። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንጫወት ጀመር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ነጥብ አልመጣለትም። በሰው ሱቅ ውስጥ ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን ይጭናል። አባቱ ሞተዋል፤ እናቱ ገበያ ላይ ጤፍና ሽምብራ ይሸጣሉ። እኔን "አያ ሁሴን" ይለኛል። ሁልጊዜ ያሸንፈኛል፤ ሦስቴ ተከታትሎ ካሸነፈኝ ግን በአራተኛው ሆን ብሎ ይስታል። አውቄ ዝም እላለሁ።

ለጥምቀት እዚህ ጎንደር፣ ታቦት ወደሚወርድበት ቀሐ እንደሚመጣና ሱቄ ብቅ እንደሚል ነገረኝ። ቀኑን ሙሉ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። አልመጣም። በማግስቱ "ሰዉ አላሳልፍ አለኝ፤ ኔትወርክም የለ" ብሎ ጻፈ።

ከዚያ በሳምንቱ ገደማ፣ እየተጫወትን ሳለ፣ "ነገ እሄዳለሁ" አለኝ።

"የት?"

"በመተማ አድርጌ ሱዳን። ከዚያ ሊቢያ። ለእናቴ ባህር ዳር ሥራ አገኘሁ ብያታለሁ። ካንተ በቀር ማንም አያውቅ። ምን ትለኛለህ?"

የሠርግ ሰሞን ስለሆነ ደንበኞች ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። በእነሱ ግን አላመካኝም፤ ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ። እውነቱን ለመናገር ምስጢሩን ለእኔ ብቻ ማካፈሉ ደስ አሰኝቶኛል። እንደ ትልቅ ሰው መምከር አማረኝና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ወንድ ልጅ መሞከር አለበት። እዚያ ዘፈን ስትጭን ልታረጅ ነው? ሂድ፣ ሸጋ ነገር ይገጥምሃል።"

"አንተ ካልክማ እሺ" አለ። የመጨረሻዋን ኳስ አስገብቶ ወጣ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት አንድ ሚኒባስ ይዤ ማክሰኝት ብሄድ፣ ዘፈን የሚጭነው አዲሱ ብዬ ብጠይቅ፣ ማንም ያሳየኝ ነበር። አልሄድኩም። ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ስሙ አጠገብ ሰው መግባቱን የምታሳየው አረንጓዴ ነጥብ በራች። ደስ ብሎኝ ወዲያው ጨዋታ ጠየቅሁት። ተቀበለኝ፤ ግን አይመታም። ተራው ይደርሳል፣ ጊዜው ያልቃል፣ ተራው ይደርሳል፣ ጊዜው ያልቃል። በመጨረሻ መልእክት መጣ፦ "እህቱ ነኝ። ስልኩን ትቶልኝ ነው የሄደ። ባህር ዳርም የለም አሉን። አንተ ማነህ? የት እንዳለ ታውቃለህ?"

መጥቼ እነግራችኋለሁ ብያት ቅዳሜ ማክሰኝት ቤታቸው ሄድኩ። እናቱ ወይዘሮ እናኑ ከበር ወጥተው አቀፉኝ፤ የምሥራች የያዝኩ መስሏቸዋል። የማውቀውን ነገርኳቸው። ሊቢያ የሚለውን ስም ሲሰሙ የሽምብራው ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ።

"ምነው ሳትነግረኝ?"

"እርስዎን አላውቅዎትም ነበር፣ እናቴ።"

"እሱንስ ታውቀው ኖሯል?"

ቀና ብለው አዩኝ። "እሄዳለሁ ሲልህ ምን አልከው?" አሉኝ።

እህቱ ስልኩን በእጇ ይዛ አጠገባቸው ቆማለች። በዚያ ጨዋታ ላይ የተጻፈው ሁሉ ጨዋታው ሲያልቅ ይጠፋል። ይህን አውቃለሁ።

"አትሂድ አልኩት፤ እምቢ አለኝ" አልኩ።

ወይዘሮ እናኑ እጄን ይዘው ሳሙት። "አባት ለሌለው ልጄ አባት ሆነህለታል። ልጆችህን ያሳድግልህ" ብለው መረቁኝ።

ሐምሌ ላይ አብሮት የነበረ ልጅ ከሊቢያ ለቤተሰቡ ደወለ። መኪናቸው በረሃው መሀል ተበላሽቶ ውኃ አልቆባቸዋል። አዲሱን እዚያው አሸዋ ውስጥ ቀብረውታል።

ለቅሶ ስደርስ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። እናቱ እያነቡ ለሰው ሁሉ ያሳዩኝ ጀመር፦ "ይህ ነው አትሂድ ያለው፤ ይህ ነው የለመነው!" ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ተነሡልኝ፤ ፊት አስቀመጡኝ። በዚያ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩበት ያለ ከባድ ሰዓት በሕይወቴ አላየሁም።

እውነቱን ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ማክሰኝት ድረስ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ቡናቸውን ጠጥቼ ሳልነግራቸው ተመለስኩ። እሳቸው ልጄ ተው የሚለው አንድ ሰው ነበረው ብለው ይጽናናሉ። ብነግራቸው እኔ ይቀለኛል፤ ለእሳቸው ግን ምን ይተርፋቸዋል? ይህንን እያልኩ ራሴን አሳምናለሁ። ፍርሃት ይሁን ርኅራኄ እኔም ለይቼ አላውቀውም።

በየዒዱ እየደወሉ እንኳን አደረሰህ ይሉኛል። ባለፈው ሲደውሉ "ልጆችህንም አዲሱን እንደመከርከው ምከራቸው" አሉኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁ። ስትጠብቀኝ የነበረች ደንበኛ የለካሁትን ጨርቅ ደግሜ ደጋግሜ ስለካ አይታ፣ "አሞሃል እንዴ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።