አንገት የሚያስደፋ በሽታ

ነርስ ነኝ። አምቦ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከባኮ በኩል በወባ ተይዘው የሚመጡትንም ሆነ በክረምት በተቅማጥ የሚወድቁትን በእጄ መዝግቤአለሁ። ይህኛውን ወረርሽኝ ግን የመዘገበው የለም። በአስፋልቱ ከአዲስ አበባ መጣና መጀመሪያ አምቦን ያዘ፤ ከዚያ ጉደርን፣ ከዚያ እጃጂን። የኔትወርክ ምሰሶ በተተከለበት ሁሉ ሰው አንገቱን ይደፋል። ዓይኑ ተከፍቶ አያይም፣ ጆሮው እያለ አይሰማም፤ በሕይወት ያለው አውራ ጣቱ ብቻ ነው።

አንዲት እናት ልጇን ለክትባት አምጥታ፣ ልጁ በእኔ መርፌ እየጮኸ፣ እሷ ስልኳ ላይ ፈገግ ትል ነበር። «የቁም ሙት!» አልኳት ፊት ለፊት። አልሰማችኝም። መንገድ ላይ «አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ» ሲሉት «እህ» ብሎ የሚያልፈውም በዛ። እኛ አገር እኮ ሰላምታ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ልጁ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሳይጠየቅ አይታለፍም። እኔም በየቢሮው እየዞርኩ በእነዚህ ሰዎች አፌዝ ነበር። በኋላ የራሴን ስልክ ስገዛ «ለሥራ ነው» አልኩ። ሁሉም እንዲያ ይላል።

አባቴ እጃጂ አጠገብ ገበሬ ነበር። እኛ ቤት፣ ከአባት ደጅ ተነስቶ የሚሄድ ልጅ ሳይመረቅ አይወጣም። አባቴ እጆቹን ዘርግቶ ይመርቃል፣ የሚመረቀው ደግሞ በየመሃሉ አሜን ይላል። አሜን ያልተባለበት ምርቃት እንዳልተመረቀ ነው የሚቆጠረው። እኔን ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልመረቀኝም፤ ሽማግሌ ሳይላክበት ስላገባሁ። ወንድሞቼ ሲሄዱ እጁን ይዘረጋላቸዋል። እኔ ስሄድ ይጨብጠኝና «በይ ደህና ግቢ» ይለኛል፣ እንደ ባዕድ ልጅ። መኪና ውስጥ አለቅስና ባሌ እንዳያይብኝ አምቦ ሳልደርስ ፊቴን በነጠላዬ እጠርጋለሁ።

ከዚያ ታመመ። አንድ ቀን እናቴ ደወለችልኝ። «አባትሽ ሊመርቅሽ ነው፤ ቅዳሜ ነይ» አለች። የምሥራቹንም የነገረኝ ያው ስልኩ ነው፤ ውለታውን አልክድም።

ቅዳሜ ጠዋት እጃጂ ደረስኩ። አባቴ ከስቷል፤ አንገቱ ቀጥኖ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶታል። አጠገቡ ተቀምጬ ፎቶ ተነሳሁና «ዛሬ አባቴ የሚመርቀኝ ቀን ነው» ብዬ ኢንተርኔት ላይ ለጠፍኩት። ደስታዬ ነበራ! የዘጠኝ ዓመት እንባዬን የማያውቅ ሰው ሁሉ ደስታዬን እንዲያውቅልኝ ፈለግኩ።

ጭኮ በላን፣ ወተት ጠጣን። የመሄጃዬ ሰዓት ሲደርስ ወንድሞቼ ግራና ቀኝ ደግፈው ደጅ አወጡትና አግዳሚው ላይ አስቀመጡት።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ቅረቢ» አለኝ።

እግሩ ሥር ተንበረከክኩ። እጆቹን ዘረጋ።

«የወለድሽው ይደግልሽ።»

«አሜን።»

«ደጅሽ እንግዳ አይጣ።»

«አሜን።»

እጄ ላይ ያለው ስልክ ነዘረ። አንዴ ብቻ ልይ ብዬ ጭኔ ላይ ገለጥ አደረግኩት። አብራኝ የተማረች ልጅ «ታድለሽ! እንኳን ደስ ያለሽ» ብላ ጽፋለች። ከሥሯ ሌላ ሰው፣ ከእሱ ሥር ሌላ። ማን እንደጻፈ፣ ማን እንዳልጻፈ አነባለሁ። አፌ ግን ሥራውን አላቆመም፤ የአባቴ ድምፅ ባረፈ ቁጥር አሜን ይላል።

በመጨረሻ ዝም ሲል ጊዜ፣ ጮክ ብዬ «አሜን!» አልኩና ቀና አልኩ።

ታላቅ ወንድሜ አፉን በእጁ ይዟል። እናቴ ፊቷን አዙራለች። አባቴ እጆቹ እንደተዘረጉ ቁልቁል ያየኛል። አሜን ያልኩበትን ነገር ወንድሜ ነው በኋላ መኪና ሊያሳፍረኝ ሲሸኘኝ የነገረኝ። አባቴ ምርቃቱን አቋርጦ ስሜን ሁለት ጊዜ ጠርቶኛል፤ ሁለቱንም አሜን ብያለሁ። ከዚያ፣ «ይህቺ ልጅ ሞታብኛለች ልበል?» ብሎ ጠየቀ። ጮክ ብዬ አሜን ያልኩት ለዚህ ጥያቄ ነው።

ያኔ ግን ምን እንዳጠፋሁ እንኳን በውል አላወቅኩም። ጉልበቱን ይዤ፣ «አባዬ፣ ይቅር በለኝ፣ ጨርስልኝ» አልኩት።

እጆቹን ቀስ ብሎ አወረደ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ስትመጪ እመርቅሻለሁ» አለኝ።

«መጥቻለሁ እኮ አባዬ!»

«አልመጣሽም» አለ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ተረኛ ነበርኩ። ፈረቃ መለወጥ እችል ነበር፤ አልለወጥኩም። አፍሬ ነበር፣ እፍረቴ እስኪበርድ ብዬ አንድ ሳምንት ጨመርኩ። እሱ ግን ያንን ሳምንት አልጨረሰም።

ከቀብሩ በኋላ ብዙ ሰው ለቅሶ የደረሰኝ በስልክ ነው። «ነፍስ ይማር» ይሉና ከሥሩ የሚያለቅስ ፊት ይለጥፋሉ። አንዱንም ሳልመልስ ስልኩን አጥፍቼ ከእናቴ ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀንስ እጄን ያዘችኝ።

«ያን ቀን፣ መኪናሽ እንደሄደ፣ ወደ አስፋልቱ ዞሮ እጁን ዘረጋ» አለችኝ። «‹አንቺ አሜን በይላትና ልጨርስላት› አለኝ። እኔ ደግሞ ተናድጄብሽ ነበር። ‹አፍ አላት፣ ራሷ መጥታ ትበል› አልኩት። እሱም ተወው።»

እያለቀሰች ታየኛለች፤ እንድፈርድባት የምትጠብቅ ይመስለኛል። ምን ብዬ እፈርድባታለሁ? እኔም እሷን ብሆን ያንኑ እል ነበር።