የቡናማው ሱሪ ትርፍ

«አትንቀሳቀስ፤ ስፒሉ ይወጋሃል።»

«የሚወጋ ሥጋ አስቀርተሽልኛል እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች ሳቀች። ባሏ ከቤታቸው ጎን ባለችው ሱቋ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ቆሞ የቡናማ ሱሪውን ወገብ በሁለት እጁ ጨብጧል። ቢለቀው ይወርዳል። ሱሪው የተሰፋው ሰውየው «በርሜል» ሲባል በነበረበት ጊዜ ነው። ስሙን ያወጡለት የአውቶቡስ ጣቢያው ሰዎች ናቸው። ሹፌር ነው፤ ሆዱ መሪውን እየታከከ ነው ዕድሜውን የነዳው።

ነገሩ የጀመረው ክሊኒኩ ደሙ ውስጥ ስኳር ያገኘ ቀን ነው። በዘር የለባቸውም፤ ድንገት የመጣ ነው። ነርሷ ጣፋጭና ጮማ እንዲተው፣ ክብደቱን እንዲቀንስ ነገረችው። የታዘዘው እሱ ነው፤ ትእዛዙን የተረከበችው ግን ሚስቱ ነች። ለስላሳ መጠጥ ከቤት ወጣ። ቋሊማና በዘይት የተጠበሰ ሥጋ ተከለከለ። ሲጋራ አጭሶ እንደሆነ ለማወቅ ማታ ሲገባ አፉን ታሸተው ነበር። ሲያጉረመርም «ቆሽቴን አታሳርረው!» ትለዋለች። ቆሽት ሆድ ውስጥ የት እንደሚገኝ፣ ምን እንደሚሠራ ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

ሰውየው ከሳ። እሷም ኮራች። ደንበኛ በመጣ ቁጥር እሱ ቤት ካለ ጠርታ ታስቆመዋለች፤ «ይኸው! ሰው ከቆረጠ ምን ይሳነዋል?» ትላለች። ጎረቤቷ «የኔንም ውሰጂና አጥብቢልኝ፤ ስትጨርሺ ትመልሽልኛለሽ» ብላ ቤቱን በሳቅ አፍርሳዋለች።

ሱሪ ሲጠብ ትርፍ ጨርቁ አይቆረጥም። ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሰፋል። ሰው ይከሳል፣ ተመልሶም ይወፍራል፤ ያን ጊዜ ስፌቱ ተተርትሮ ትርፉ ይለቀቃል። ለደንበኛ ሁሉ የምትሠራው እንዲህ ነው። ያን ቀን ግን መቀሱን አነሳች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልቆርጠው። መመለሻ እንዳይኖርህ።»

«ብወፍርስ?»

«ራቁትህን ትነዳለህ።»

ቆረጠችው። ያረጀውን የኪስ ጨርቅም አውጥታ በአዲስ ነጭ ጨርቅ ተካችለት። ቁራጮቹን ከሌላው ብጥስጣሽ ጋር ጠራርጋ፣ ደንበኞች ለሚቀመጡበት ወንበር ትሰፋው በነበረ ትራስ ውስጥ ጠቀጠቀቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ሱሪውን ራሱ በቀዝቃዛ ውሃ ያጥብ ጀመር። በዚህም ለጎረቤት ጉራዋን ነዛች።

ጀርባውን ሲያመው የሹፌር በሽታ ነው ተባለ፤ ጣቢያው የአውቶቡሱን መቀመጫ ቀየረለት። ገላውን ሲያሳክከው እሷ ሳሙና ቀየረች። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ትኬት ቆራጯ ፊቱን ትኩር ብላ አየችና «ጋሼ፣ ዓይንዎ እኮ የእንቁላል አስኳል መስሏል» አለችው። እንቅልፍ አጥቼ ነው ቢላት አልሰማችውም። ከመሪው አስወርዳ ሐኪም ቤት ላከችው።

ምርመራው ሲያልቅ ሐኪሙ ሚስትየዋን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ወዳለ አግዳሚ ወሰዳት።

«ካንሰር ነው። የተነሳው ከቆሽቱ ነው፤ ጉበቱም ጋ ደርሷል። በቀዶ ሕክምና ልናወጣው አንችልም።»

«ምግብ ስለከለከልኩት ነው?»

«አይደለም።»

«በፊት ይበላው የነበረውስ?»

«ሲጋራ፣ ውፍረት፣ እንደ ቋሊማ ያለ ሥጋ ሲበዛ፣ አደጋውን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ከነዚህ ሁሉ ሲጋራው ይብሳል። እሱን ያሳመመው ግን ይሄ ነው ብዬ ልነግርዎት አልችልም። እንደሱ በልተው ምንም የማይሆኑ አሉ። በልክ በልተው እዚህ የሚተኙም አሉ።»

«ታዲያ ያን ያህል የከሳው?»

«በሽታው ነው ያከሳው። ስኳሩንም ያመጣው እሱ ሳይሆን አይቀርም።»

«ያኔ ብናመጣው ኖሮስ?»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «ምናልባት» አለ።

በማግስቱ የባሏ እህት ታላቅ ወንድሟን ልትጠይቅ መጣች። ጉንጩ ጎድጉዶ ስታየው ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም፤ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች።

«በረሃብ ጨረስሽው! እናታችን አጥግባ ያሳደገችውን ልጅ ቅጠል አብልተሽ ገደልሽው!»

«አልሞትኩም እኮ» አለ ከአልጋው።

«አንተ ዝም በል!»

«ስሚኝ እንጂ እህቴ። አንድም ቀን አልተራብኩም። ጣቢያው ምግብ ቤት ጓሮ ቆሜ የተጠበሰ ሥጋዬን በዳቦ ስገምጥ ነው የከረምኩት። የተረፈኝን በኪሴ ይዤ እነዳ ነበር።»

«ለሷ ብለህ ነው የምትዋሸው።»

ልብስ ሰፊዋም ለእሷ ብሎ የሚዋሽ መሰላት።

ሐኪም ቤቱ ሊሠራለት የሚችለውን ሠርቶ ወደ ቤት መለሰው። ጣቢያው የአውቶቡሱን ቁልፍ የሚቀበል ሰው ልላክ ሲል እምቢ አለ።

«በእጄ አስረክባለሁ። ደግሞ በፒጃማ አልሄድም፤ ቡናማውን አምጪልኝ።»

አለበሰችው። እግሩ በሱሪው ውስጥ እንደ ዱላ ይዋኛል፤ ወገቡ ግን አልገጥም አለ። ሆዱ ውሃ ቋጥሮ አብጧል። አንዴ ጎተተችው፤ ደገመችው። ቁልፉና ቀዳዳው አልተገናኙም።

«ይኸው በርሜል ተመለሰ» አለ።

እሷ ግን አልሳቀችም። ሱሪውን አውልቃ ወደ ሱቋ ይዛው ሄደች። የወንበሩን ትራስ በመቀስ ቀደደችው። የሰው ቀሚስ፣ የሰው ሸሚዝ፣ የሰው ኮት ብጥስጣሽ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እየበረበረች ቡናማዎቹን ቁራጮች ለየች። ከዚያ መጨመሪያ ቦታ ለማግኘት ወገቡን ተረተረችና ኪሱን ወደ ውጭ ገለበጠችው።

በእጇ የሰፋችው ነጭ ጨርቅ ቢጫ ሆኗል። ዘይት በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም፤ ሰውየው ይህን አያውቅም። አንዱ እድፍ በሌላው ላይ ተደራርቧል። ስፌቱ ጥግ የደረቀ የዳቦ ፍርፋሪ ተጣብቋል።

አልዋሸም ማለት ነው። አላስራበችውም። ጨርቁን ይዛ ስፌት መኪናዋ ፊት ብዙ ተቀመጠች፤ ከዚያ ቁራጮቹን በየቦታቸው መለሰች። ቀለማቸው ትንሽ ይለያል። ኮት ይሸፍነዋል።

ቤት ተመልሳ ስታለብሰው ፊቱን ሳታይ ጠየቀችው።

«እየበላህ ስትከሳ አልገረመህም?»

«ገርሞኛል።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ» አላት።

የሱሪውን ቁልፍ ቆለፈችለት። ገጠመ።

ጣቢያው ደጃፍ ላይ ሹፌሮቹ ተሰልፈው ቆመው ነበር። «በርሜል» ብሎ የጠራው አንድም ሰው የለም። ቁልፉን ለኃላፊው ሰጠ። አውቶቡሱን በመዳፉ አንዴ መታ አደረገው። ትኬት ቆራጯ ወንበር ስታቀርብለት በቆመበት «ቁጭ ካልኩ ስፌቱ ይተረተራል» አላት።

ሱሪውን ከዚያ በኋላ አልለበሰውም።

ከቀብሩ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ኪሱን ገልብጣ ለእህቱ አሳየቻት። እህቱ ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰችና «ዘይት የትም አለ» አለች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ልብሷን የምታሰፋው ሌላ ሰፊ ጋ ነው።