ሽማግሌውን ያዳንኩት እኔ ነኝ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ በስልኳ ፊልም ስታይ ድምፁን ከጓዳ ሆኜ ለየሁት። ዘንዶው ከተራራው ሲወጣ የሚጮኸው ጩኸት ነው። ሰው ሁሉ ፊልም መጽሐፍ ያበላሻል እያለ ያማርራል። እኔን የጎዳኝ ግን መጽሐፉን ያላበላሸ ፊልም ነው።

ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ያንን መጽሐፍ ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ተዋስኩት። ወደ አማርኛ የተተረጎመ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ እርጥበት እርጥበት የሚሸት ወፍራም ልብ ወለድ ነበር። አባቴ ከደጋው መንደራችን ከኦቾሎ ወርዶ አርባ ምንጭ የተቀመጠ ሸማኔ ነበር፤ ማንበብ አይችልም፣ አማርኛውም ለገበያ ያህል ነበር። እናቴ ከሞተች ዓመት አልሞላትም ነበር። ቤታችን ውስጥ ከመወርወሪያው ድምፅ በቀር የሚሰማ ስላልነበረ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቡ ተቀምጬ ማግ እያጠነጠንኩ ያነበብኩትን በጋሞኛ እተርክለት ጀመር።

አባቴ የወደደው ወጣቱን ጀግና ሳይሆን የዘንዶውን በር የሚጠብቀውን ሽማግሌ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት፣ ለራሱ እሳት አንድዶ ለራሱ የሚያበስል ሰውዬ ነው። "ሽማግሌው ዛሬስ እንዴት ዋለ?" ይለኛል፣ ቦርሳዬን ሳላወርድ። ዘንዶው ሽማግሌውን የሚያቃጥልበት ገጽ ላይ ስደርስ አፌ አልታዘዝ አለኝ። "ወንዝ ውስጥ ገብቶ ዳነ" አልኩት። አባቴ መወርወሪያውን አስቀምጦ ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሽማግሌውን ከራሴ እየፈጠርኩ አኖርኩት። እንደ ኩልፎ ባለ ወንዝ ዳር ሙዝ አስተከልኩት። አባቴም "አራርቆ ይትከል በይው" እያለ ምክር ይልክለት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ፊልሙ ሲቀላ ሰፈር ያለው ቪዲዮ ቤት መጣ። አባቴ ካላየሁ አለ። ፊልም መጽሐፍ ይለውጣል ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ይለውጡት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አልለወጡም። ሽማግሌው በሩ ላይ ተቃጠለ፤ ለዚህ ደግሞ ተርጓሚ አያስፈልግም። አባቴ እስከ መጨረሻው አየው። ስንወጣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለ እንጂ አልተቆጣኝም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን ምንም አልጠየቀኝም።

ከዓመታት በኋላ ሆዱን ታመመ። ሐኪሙ በአማርኛ የነገረኝን በጋሞኛ ነገርኩት። "አባዬ፣ በጊዜ ተደርሶበታል፤ ኦፕራሲዮን ከሆንክ ትድናለህ።" አንዲት ቃል አልጨመርኩም። አባቴ እጄን ይዞ ፈገግ አለ።

"ሽማግሌውም ድኖ ነበር፣ አንቺ ስትነግሪኝ" አለኝ።

ለመንኩት፣ ማልኩለት፣ ዘመድ ሰበሰብኩበት። የልጄን አንጀት አውቀዋለሁ ብሎ ኦፕራሲዮኑን ትቶ ኦቾሎ ወጣ። እዚያው ቀበርነው።

በልጅነቴ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ሰው ወራት ይበቃ ነበር። ዛሬ ልጄ ያንኑ ታሪክ በአንድ ከሰዓት ትጨርሰዋለች፤ ተራኪም አትፈልግም። ቅዳሜ ዕለት ግን ፊልሙን አቁማ ወደ ጓዳ መጣች።

"እማዬ፣ ይሄ ሽማግሌ ይድናል?"

"አይድንም" አልኳት።

አኮረፈችኝ። ታኩርፍ። አንድ ቀን የምር ነገር ስነግራት ታምነኝ ይሆናል።